አሲዱም ቤዙም እኩል፤ ታዲያ ፒኤቹ ለምን 8.7 ሆነ?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። ጎንደር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በላብራቶሪ 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ላይ 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨመርን። መጠኑም ሞላሩም እኩል ነው። ፒኤች ሜትሩ ግን 7 ሳይሆን 8.7 አነበበ። ግማሾቻችን ሜትሩ ተበላሽቷል አልን። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹አሲዱ ደካማ ስለሆነ ትንሽ ቤዝ ይበቃው ነበር፤ አብዝታችሁበት ነው› ይላል። የአመልካቹ የፌኖልፍታሊን ሮዝ ቀለምም ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ማናችን ነን ትክክል? ሌላው፣ ወንድሜ አዘዞ ጋራዥ ይሠራል። የባትሪ አሲድ ቢፈስበት ኮስቲክ ሶዳ ቢያደርግበት አሲዱን ያጠፋለታል?»

ምላሽ፦ ሰላም እህቴ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። የፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ፣ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ በላይ ቤዛማ) ነገር ይደርሳል፤ የወንድምሽ ግን አይቆይም።

ቆዳው ላይ አሲድ ከፈሰሰበት ኮስቲክ ሶዳ በፍጹም እንዳያደርግበት ንገሪው። የሚያድነው ውሃ ነው። ወዲያውኑ፣ ብዙ ውሃ፣ እየፈሰሰ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ። አሲዱ የነካውን ልብስ ውሃው እየወረደበት ያውልቅ። ዓይኑ ውስጥ ከገባም የዓይኑን ቆብ ከፍቶ ያንኑ ያህል ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂድ። ጎንደር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሲያሻው እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ባትሪ የሚነካካ ጋራዥ የተሞሉ ጀሪካኖች ከአጠገቡ ሊጠፉ አይገባም። ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳያየው።

ኮስቲክ ሶዳው፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ፣ ለምን አይሆንም? የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። በደንብ ቻርጅ በሆነ የመኪና ባትሪ ውስጥ 4.8 ሞላር (በአንድ ሊትር 4.8 ሞል፤ ሞል የቅንጣት መቁጠሪያ ነው) ገደማ ይደርሳል። እናንተ በላብ ከያዛችሁት 0.1 ሞላር ጋር ሲነጻጸር እጅግ የከበደ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሞል ሰልፈሪክ አሲድ ሁለት ሞል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይበላል። አንድ ሊትር የባትሪ አሲድ በአንድ ሊትር ተመጣጣኝ የኮስቲክ ሶዳ ሙሙት (ውሃ ውስጥ የሟሟ ኮስቲክ ሶዳ) ላጥፋ ብትዪ፣ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ገደማ ይዘላል። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ ለመፍላት የተቃረበ ነገር ቆዳው ላይ አደረገ ማለት ነው። ከሙቀቱ ሌላ ኮስቲክ ሶዳ ራሱም ያቃጥላል። የቆዳን ቅባት ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ብዙ ጊዜ ቁስሉ ከአሲድ ቁስል የጠለቀ ነው። ደግሞስ ስንት አሲድ እንደፈሰሰ ሳይታወቅ ስንት ቤዝ ይጨመራል?

መሬት ላይ የፈሰሰ አሲድ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ከታች አነሳዋለሁ፤ መጀመሪያ ላባችሁ ያሳያችሁን ነገር መረዳት ይጠቅማል።

ሜትራችሁ አልተበላሸም። 8.7 ትክክለኛው መልስ ነው። እንዲያውም በሒሳብ ሲሠራ የሚመጣው 8.72 ነው። ይህን ያገኘ ተማሪ በጥንቃቄ ለክቷል ማለት ነው። ጓደኛሽ ደግሞ ተሳስቷል፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ስህተት ነው የተሳሳተው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ከቀላሉ እንነሳ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ይበተናል። ኤች ፕላስ (ፖዘቲቭ የሆነው ሃይድሮጂን) ለብቻው፣ ክሎራይድ ለብቻው ይሆናል። (ኤች ፕላስ በእውነቱ ብቻውን አይንሳፈፍም፤ የውሃ ሞለኪውል ላይ ይለጠፋል። ለዛሬው ግን ኤች ፕላስ ብንለው ይበቃናል።) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድም እንዲሁ ሶዲየምና ኦኤች ማይነስ (ኔጌቲቭ የሆነው ሃይድሮክሳይድ) ሆኖ ይበተናል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ኤች ፕላስና ኦኤች ማይነስ ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። ሪአክሽኑ ይኸው ነው። ሶዲየሙና ክሎራይዱ ድሮም ውሃ ውስጥ ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ምንም አልነካቸውም። «ጨው ተፈጠረ» የምንለው ውሃው ተንኖ ሲያልቅ እነሱ ተያይዘው ስለሚቀሩ ነው።

ይህን እንዲሁ እመኑኝ ብዬ አይደለም የምነግርሽ፤ በቴርሞሜትር ማየት ትችያለሽ። 50 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከ50 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በፕላስቲክ ኩባያ ቀላቅይ። ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይጨምራል። አሁን አሲዱን ወደ ናይትሪክ፣ ቤዙን ወደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቀይሪው። ያው ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ነው። አሲዱም ቤዙም ሌላ፣ ጨውም ሌላ፣ ሙቀቱ ግን አንድ ነው፤ ለአንድ ሞል ውሃ 56 ኪሎጁል ገደማ። ሶዲየሙ ወይም ክሎራይዱ የሥራው ተካፋይ ቢሆን ኖሮ እነሱን ስንቀይር ሙቀቱም በተቀየረ ነበር። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ አሲድና ቤዝ ውሃ ውስጥ ወደ አዮን (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ቅንጣት) ይበተናሉ ብሎ ሲያስተምር ከደገፉት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የሙቀቱ አንድ መሆን ነበር።

ፍጥነቱም የሚገርም ነው። ኤች ፕላስና ኦኤች ማይነስ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ የሚያግዳቸው የለም። ውሃ ውስጥ ከምናውቃቸው ፈጣን ሪአክሽኖች አንዱ ይህ ነው። ጀርመናዊው ማንፍሬድ አይገን እንዲህ ያሉ ፈጣን ሪአክሽኖችን መለኪያ ዘዴ በማውጣቱ እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው።

አሁን ወደ እናንተው አሲድ እንምጣ። አሴቲክ አሲድ፣ የኮምጣጤው አሲድ፣ ደካማ ነው እንላለን። ደካማነቱ ምኑ ላይ ነው? በ0.1 ሞላር ሙሙት ውስጥ ከ100 የአሴቲክ አሲድ ሞለኪውሎች ኤች ፕላሱን የለቀቀው 1.3 ብቻ ነው። የቀሩት 98.7ቱ ኤች ፕላሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ለዚህ ነው ፒኤቹ 2.9 የሚሆነው፤ የሃይድሮክሎሪክ ቢሆን ኖሮ 1 ነበር።

ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ብር አላቸው በይ። አንዱ 100 ብሩን እንዳለ ኪሱ ይዟል። ሌላው ኪሱ ውስጥ ያለው 1 ብር ከ30 ሳንቲም ነው፤ የቀረው ባንክ ተቀምጧል። ፒኤች ሜትር ኪስ ብቻ ነው የሚፈትሸው። ባንኩን አያይም። ቤዝ ግን አበዳሪ ነው። ኪስ ያለውን ይወስዳል። ኪሱ ሲጎድል ከባንክ ይወጣል፤ ያንንም ይወስዳል። እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይወስዳል። 100ው ብር ተሟጦ እስኪያልቅ አይመለስም። በመጨረሻ ከሁለቱም ሰዎች የወሰደው እኩል 100 ብር ነው።

የጓደኛሽ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ኪሱን አይቶ ሀብቱን ገመተ። እሱ እንዳለው ቢሆን ኖሮ የሚበቃችሁ ቤዝ 0.33 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሰባት ጠብታ ያህል ነበር። ሞክሩት፤ ሰባት ጠብታ ጨምሩና ሜትሩን እዩ። ከ2.9 ተነስቶ 3.1 አካባቢ ላይ ይቆማል። አሲዱ ገና አልተነካም። የአሲድ ጥንካሬና የአሲድ መጠን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኒውትራላይዜሽን (የአሲድና የቤዝ መጠፋፋት) ደግሞ የቆጠራ ጉዳይ ነው። ስንት ሞል አሲድ አለ፣ ስንት ሞል ቤዝ ገባ፤ ጥያቄው ይኸው ነው። ጥንካሬው ቆጠራውን አይቀይረውም። የሚቀይረው ከቆጠራው በኋላ የሚተርፈውን ሙሙት ጠባይ ነው።

ይህ ስህተት በላብ ብቻ አይቀርም፤ እርሻ ላይ ይወርዳል። በደጋው አካባቢ ያለው አርሶ አደር የአሲዳማ አፈር ችግር አለበት። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን፣ በተለይ ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ፣ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል። መፍትሔው የግብርና ኖራ ነው። ስንት ኖራ? ከፒኤቹ ብቻ ተነስተን እናስላ። አንድ ሄክታር መሬት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢወሰድ፣ ሩብ ያህሉ ውሃ ቢሆን፣ 500,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ፒኤቹ 5 ከሆነ በዚያ ውሃ ሁሉ ውስጥ ያለው ኤች ፕላስ 5 ሞል ብቻ ነው። ይህን ለማጥፋት 250 ግራም ኖራ ይበቃል። ሩብ ኪሎ ለአንድ ሄክታር! እውነታው ግን በኩንታል ነው የሚቆጠረው፤ አሥርና ከዚያም በላይ ኩንታል መፈለጉ የተለመደ ነው። ምክንያቱም አሲዱ ያለው ውሃው ውስጥ ሳይሆን የሸክላው ቅንጣትና የበሰበሰው ቅሪት ላይ ተለጥፎ ነው። ኖራው ውሃው ውስጥ ያለውን አሲድ ባጠፋ ቁጥር ከቅንጣቱ ሌላ ይለቀቃል። ለዚህም ነው ሁለት ማሳዎች ፒኤቻቸው አንድ ሆኖ የኖራ ፍላጎታቸው የሚለያየው፤ ሸክላማው ከአሸዋማው ብዙ እጥፍ ሊፈልግ ይችላል። ፒኤቹን ብቻ አይቶ ኖራ የሚያዝዝ ባለሙያ ገበሬውን ይጎዳዋል።

እሺ፣ ቆጠራው እኩል ከሆነ 7 ለምን አልሆነም? ይህ የጥያቄሽ ልብ ነው።

አሲዱ ኤች ፕላሱን ሁሉ ሲሰጥ በቦታው የሚቀረው አሴቴት አዮን ነው። ክሎራይድን አስታውሺ። ክሎራይድ ኤች ፕላስን አንዴ ከለቀቀ በኋላ መልሶ አይፈልገውም። ስለዚህ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሙሙቱም 7 ላይ ይሆናል። አሴቴት ግን እንዲህ አይደለም። ቀድሞውንም ኤች ፕላሱን የሰጠው ሳይወድ ነው። አሁንም ዙሪያውን ሲያይ ያለው ውሃ ነው። ከውሃው አንድ ኤች ፕላስ ይነጥቃል። ውሃ ኤች ፕላሷን ስትነጠቅ የምትቀረው ኦኤች ማይነስ ሆና ነው። ቤዛማነቱ የመጣው ከዚህ ነው። አብዝታችሁ ከጨመራችሁት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አይደለም።

ስንቱ አሴቴት ነው ይህን የሚያደርገው? በእናንተ ፍላስክ ውስጥ ከ10,000 አንዱ ያህል ነው። 9,999ኙ በቦታው ነው። ሪአክሽኑ ተጠናቋል ማለት ይቻላል። ታዲያ ከ10,000 አንዱ እንዴት ሜትሩን ከ7 ወደ 8.7 ገፋው? ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያለው ኦኤች ማይነስ ከዚህም ያነሰ ስለሆነ ነው። የእናንተ ሙሙት ከንጹሕ ውሃ 50 እጥፍ ያህል ኦኤች ማይነስ አለው። የዴንማርኩ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ፒኤችን ሲያወጣ በሎጋሪዝም ያደረገው እንዲህ ያሉ በጣም ትንንሽ መጠኖችን ለማሳየት ነው። ስለዚህ ሜትሩ ላይ ትልቅ የሚመስለው ዝላይ ፍላስኩ ውስጥ ኢምንት ነው።

በነገራችን ላይ 7 የሚባለውም ቁጥር ለ25 ዲግሪ ብቻ ነው። ሙቀት ሲጨምር ውሃ ራሷ ይበልጥ ትበተናለች። በሰውነታችን ሙቀት በ37 ዲግሪ ገለልተኛው 6.8 ነው፤ በ60 ዲግሪ 6.5 ነው። አሲዳማ ሆነ ማለት አይደለም፤ ኤች ፕላሱም ኦኤች ማይነሱም እኩል ጨምረዋል።

አሁን ቡሬቱ (ቤዙን በልክ የሚያንጠባጥበው ረጅም የመስታወት ቱቦ) ጋ ቆመን ጠብታ በጠብታ እንየው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። መጀመሪያ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ። 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር አሲድ ፍላስክ ውስጥ አለ። ቤዙን ትከፍቻለሽ። 5፣ 10፣ 15፣ 20 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ፒኤቹ ከ1 ተነስቶ 2 ላይ ገና መድረሱ ነው። 24.9 ሲሞላ 3.7። አሁን አራት ጠብታ ብቻ፣ 0.2 ሚሊ ሊትር፣ ጨምሪ። 10.3። በአራት ጠብታ ከ3.7 ወደ 10.3! የኤች ፕላሱ መጠን በአራት ጠብታ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ወረደ ማለት ነው። ቡሬቱን መጨረሻ ላይ ግማሽ ጠብታ በግማሽ ጠብታ ዝጉ የምትባሉት ለዚህ ነው። ግማሽ ጠብታ ማለት ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይወድቅ የቀረውን በፍላስኩ ከንፈር ነክቶ በተጣራ ውሃ ማጠብ ነው።

በአሴቲክ አሲድ መንገዱ ሌላ ነው። ሲጀምር 2.9 ነው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ 12.5 ሚሊ ሊትር ሲገባ፣ 4.76 ይሆናል። እዚህ ላይ አሲዱና አሴቴቱ እኩል ናቸው። ቤዝ ብትጨምሪ አሲዱ ይውጠዋል፤ አሲድ ብትጨምሪ አሴቴቱ ይውጠዋል። ፒኤቹ አልንቀሳቀስ ይላል። በፈር የምንለው ይህን ነው። 24.9 ላይ 7.15 ነው። ልብ በይ፤ 7ን አልፈናል፣ አሲዱ ግን ገና አላለቀም። ከ1,000 ሞለኪውል አራቱ ኤች ፕላሳቸውን እንደያዙ ናቸው። «7 ላይ ላቁም» ያለ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆምና አጉድሎ ይመዘግባል።

የአመልካች (ፒኤቹ ሲለወጥ ቀለሙን የሚቀይር ጠብታ) ምርጫም ከዚህ ይመጣል። ፌኖልፍታሊን ከ8.2 ጀምሮ ሮዝ ይሆናል። የእናንተ መጨረሻ 8.7 ስለሆነ ልክ ቦታው ላይ ነው። ሜቲል ኦሬንጅ ግን ከ3.1 እስከ 4.4 ባለው ውስጥ ነው ቀለሙን የሚጨርሰው። በአሴቲክ አሲድ ላይ ብትጠቀሙበት ገና 8 ሚሊ ሊትር ሳይሞላ «አለቀ» ይላችሁ ነበር። ከ25 ውስጥ 8። ላብ ውስጥ የተሳሳተ ኮምጣጤ ውጤት ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛውን አመልካች እንዳንጠባጠበ ነው።

ያ ሮዝ ቀለም ቆይቶ የጠፋው አየር ውስጥ ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደካማ አሲድ ይሆናል። ፍላስካችሁ ውስጥ የነበረው ነጻ ኦኤች ማይነስ ደግሞ ከላይ እንዳልኩሽ እጅግ ጥቂት ነው። ፍላስኩን ስታወዛውዙ ትንሽ ጋዝ ገብቶ ፒኤቹን ከ8.2 በታች ጎተተው። ስህተት አልሠራችሁም። ደንቡ ሮዙ 30 ሰከንድ ያህል ከቆየ በቂ ነው የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ቢጠፋ ቤዝ አትጨምሩበት። ይልቅ የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ጠርሙስ ክዳን አጥብቃችሁ ዝጉ። ክፍት ከቆየ በዚሁ ጋዝ እየተበላ ይደክማል፤ ጠርሙሱ ላይ 0.1 ሞላር ተብሎ የተጻፈው ከወር በኋላ እውነት ላይሆን ይችላል።

ይህንኑ ሪአክሽን በትልቁ ማየት ከፈለግሽ ፋሲል ግቢ ሂጂ። አጼ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የተነሱት ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ እስከ 900 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅና ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ውሃ ሲደረግበት እየጋለና እየፈላ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይወጣዋል፤ ይህ ጠንካራ ቤዝ ነው፣ ግንበኛ እጁን የሚልጠው እሱ ነው። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ድንጋይ መሀል ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚያጠነክረው መድረቁ ብቻ አይደለም። ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየገባ ቤዙን ያጠፋዋል። ውሃ ይወጣል፤ የሚቀረው ጨው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ማለትም ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። እናንተ ጠብታ በጠብታ የሠራችሁትን አየር ከውጭ ወደ ውስጥ እየዘለቀ በዓመታት ይሠራዋል። ወፍራም ግድግዳ ውስጥ መሀሉ ለረጅም ጊዜ ቤዛማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ኢንጂነሮች ኮንክሪት ላይ ይህን የሚፈትሹት በዚያው በእናንተ ፌኖልፍታሊን ነው። አዲስ የተሰበረ ፊት ላይ ይረጩታል፤ ሮዝ የሆነው አየር ያልደረሰበት ነው፣ ቀለም ያልያዘው የደረሰበት ነው። ይህን ግቢው ላይ ልሞክር እንዳትዪ፤ ቅርስ ነው፣ አይሰበርም። ደግሞም የቆየ የኖራ ግንብን በአሲድ ማጽዳት ኖራውን እያሟሟ ያወጣዋል። ቤቱን በኖራ ያሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ወደ ጋራዡ ልመለስ፤ አሲዱ መሬት ላይ ሲፈስስ? ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ይነስነስበት። ለአንድ ሊትር የባትሪ አሲድ 800 ግራም ያህል ይፈልጋል፤ ጥቂት ጥቂቱን፣ መስኮትና በር ከፍቶ፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ። አረፋ ይነሳል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አረፋው መነሳቱን ሲያቆም አሲዱ አልቋል። ከዚያ ጠርጎ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ከኮስቲክ ሶዳ የምመርጠው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሙቀቱ እንደዚያ አይንርም። ሁለተኛ፣ ቢበዛም አይጎዳም። ባይካርቦኔት የፈለገውን ያህል ቢተርፍ ፒኤቹ 8.3 አካባቢ ላይ ይቆማል። ኮስቲክ ሶዳ ትንሽ ከተረፈ ግን ያንን የአራት ጠብታ ዝላይ አስቢ፤ ከአሲድ አደጋ ወጥቶ ቤዝ አደጋ ውስጥ መግባት ነው። ቤኪንግ ሶዳ ካልተገኘ የተፈጨ የኖራ ድንጋይም ይሆናል፤ አሲዱን ለማጥፋት ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ሜትሩን የተጠራጠሩት ጓደኞችሽ እንዲያምኑ ሦስት ፍላስክ አዘጋጁ። መጀመሪያ ሜትሩን በ4፣ በ7 እና በ10 በፈር አስተካክሉት፤ በየመሀሉ ኤሌክትሮዱን በተጣራ ውሃ አጥባችሁ በሶፍት ሳትፈትጉ ነካ ነካ እያደረጋችሁ አድርቁት። ሁሉም 0.1 ሞላር፣ ሁሉም 25 በ25 ይሁን። በመጀመሪያው ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አድርጉ፤ 7 አካባቢ ይሆናል። እዚህ ግማሽ ጠብታም ውጤቱን ስለሚገለብጠው ብትስቱ አትደንግጡ። በሁለተኛው ሃይድሮክሎሪክ አሲድና አሞኒያ፤ 5.3 ታገኛላችሁ። እኩል ቀላቅላችሁ አሲዳማ ሆነ! ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቀረው አሞኒየም አዮን ለውሃ ኤች ፕላስ ይሰጣል፣ የአሴቴት ግልባጭ ነው።

ሦስተኛው አሴቲክ አሲድና አሞኒያ ይሁን። ሁለቱም ደካሞች ናቸው፤ ድካማቸውም እኩል ለእኩል ነው። ሜትሩ ልክ 7 ይላችኋል። አሁን ያ ጓደኛሽ «ይኸው፣ ይህኛው ነው በትክክል የተጠናቀቀው» ቢል፣ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ። በዚህ 7 ባሳየው ፍላስክ ውስጥ ከ10,000 አሲድ ወደ 56 የሚሆነው ቤዙን ሳይነካ ቀርቷል። 8.7 ባሳየው በመጀመሪያው ሙከራችሁ ግን የቀረው ከ10,000 አንድ ብቻ ነበር። አሞኒያውን ስትከፍቱ መስኮት ክፈቱ፤ ጠርሙሱንም ወደ ፊታችሁ አታስጠጉ።